ያልተለመደ ሥራ ያላቸውን ሰዎች የሚያሳይ የቴሌቪዥን ዝግጅት እንዴት ይሠራል? ከባለታሪክ ፍለጋ እስከ ስርጭት

ሐረር ላይ ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ተቀምጦ ጅቦችን በየስማቸው እየጠራ ሥጋ የሚያጎርስ ሰው አለ። በዳሎል አካባቢ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በተኛው ሜዳ ላይ፣ የጨው ንጣፍ እየፈነቀለ አሞሌ የሚጠርብ ሠራተኛ አለ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ ሌላው የጣለውን በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃ የሚያደርግ ባለሙያ አለ። እንዲህ ያሉ ሰዎችን ለተመልካች ማቅረብ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ካሜራ ይዞ መሄድ፣ ጥቂት ጥያቄ መጠየቅ፣ ሙዚቃ ማስገባት ብቻ የሚበቃ ይመስላል። እንደዚያ የተሠራ ዝግጅት ግን ሰውየውን እንግዳ ነገር አድርጎ ከማሳየት አያልፍም፤ ተመልካቹም «ጉድ ነው» ብሎ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቅ ይቀራል። ይህ መመሪያ የአሥር ደቂቃ ያህል ርዝመት ያለው አንድ ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚዘጋጅ ያብራራል። ነገሩ በጥቅሉ እንዳይቀር አብዛኛውን ምሳሌ የወሰድኩት እኔ ራሴ ቀርጬ ከማውቀው ሥራ፣ ከብራና ዝግጅት ነው።

አስቀድመው የዝግጅቱን ቅርጽ ይወስኑ

ይህ የዝግጅት ዓይነት በሌላው ዓለም ረጅም ዕድሜ አለው፤ ከቀደሙት ሦስቱን ማወቅም ለምርጫ ይረዳል። በአሜሪካው ሲ.ቢ.ኤስ. ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1967 የተላለፈው «ዋትስ ማይ ላይን?» እንግዳውን ስቱዲዮ ውስጥ አስቀምጦ፣ ጠያቂዎች «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ በሚያስመልሱ ጥያቄዎች ሥራውን እንዲደርሱበት ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በኤን.ቢ.ሲ. የጀመረው «ሪል ፒፕል» ካሜራውን ይዞ ሰዎቹ ወዳሉበት ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዲስከቨሪ የቀረበው «ደርቲ ጆብስ» ደግሞ አቅራቢው ማይክ ሮው ተለማማጅ ሆኖ ሥራውን ራሱ እንዲሞክር አደረገ። ስለዚህ ከፊትዎ ያሉት መንገዶች እንቆቅልሽ፣ ጉብኝትና ተለማማጅነት ናቸው።

የእንቆቅልሹ መንገድ ወጪው አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ሰውየውን ከሥራ ቦታው ስለሚነጥለው እጁን አያሳይም። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚልቀው ጉብኝትን ከጥቂት ተለማማጅነት ጋር ማጣመር ነው፤ ምክንያቱም ባለሙያው ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራውን ነገር አቅራቢዋ ወይም አቅራቢው ሞክሮ ሲያቅተው፣ ያ ሥራ ምን ያህል ልምምድ እንደሚጠይቅ ያለ አንዳች ማብራሪያ ይታያል። ይህ ግን አደጋ ባለበት ሥራ፣ በቅዱስነት በሚታይ ነገር ወይም አንዴ ከተበላሸ በማይመለስ ዕቃ ላይ ፈጽሞ አይሞከርም።

ባለታሪኩን መፈለግና መምረጥ

ጥሩ ባለታሪክ ብዙውን ጊዜ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይገኝም። የገበያ ቀን ወደ ገበያ መሄድ፣ የረጅም መንገድ ሹፌሮችን መጠየቅ፣ ከአብነት ትምህርት ቤት መምህራን ጋር መነጋገር፣ የዕቃ ጠጋኞችን ሰፈር በእግር መዞር የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ጥያቄዎም «ያልተለመደ ሰው ታውቃላችሁ?» የሚል አይሁን። «ይህ ነገር ሲበላሽባችሁ ማን ዘንድ ትሄዳላችሁ?» ወይም «እዚህ አካባቢ እሱ ከሌለ ማንም የማይሠራው ሥራ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰዎች ወዲያው ስም ይጠሩልዎታል።

ስም ካገኙ በኋላ ሥራው ለካሜራ የሚመች መሆን አለመሆኑን ይመዝኑ። ሥራው የሚታይ መነሻና መድረሻ አለው? በመካከል ሊበላሽ የሚችል፣ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ደረጃ አለው? ሰውየው እየሠራ መናገር ይችላል ወይስ ሙሉ ዝምታ ይፈልጋል? የብራና ሥራ ሁለቱን የመጀመሪያ ጥያቄዎች በሚገባ ይመልሳል፤ በአንደኛው ጫፍ ጥሬ የፍየል ቆዳ፣ በሌላው ጫፍ ለጽሕፈት የተዘጋጀ ነጭ ገጽ አለ።

የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ ሲሆን ምርጫው ይከብዳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የታተሙትን የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ቴምብሮች የሚሰበስብ ሰው ድንቅ ስብስብ ሊኖረው ይችላል፤ ስብስብ ግን ተቀምጦ የሚታይ ነገር እንጂ የሚንቀሳቀስ ታሪክ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ከስብስቡ ይልቅ ድርጊቱን ይከተሉ፤ ቴምብሩን ከፖስታው ላይ ሳይቀድ እንዴት እንደሚያላቅቅ፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን እንደሚለይ፣ የጎደለውን አንዱን ለማግኘት የት የት እንደሚሄድ።

«በአገሪቱ ብቸኛው»፣ «በዓለም የመጀመሪያው» የሚል አባባል ከባለታሪኩ ወይም ከጎረቤቱ ይሰማሉ። ሰዎቹ ዋሽተው አይደለም፤ በሚያውቁት ዙሪያ እውነት ነው። እርስዎ ግን በሌላ ምንጭ እስካላረጋገጡት ድረስ በትረካዎ ውስጥ አያስገቡት። «በዚህ ከተማ ከሚሠሩት ጥቂቶች አንዱ» ማለት ማንንም አይጎዳም።

ያለ ካሜራ የሚደረግ የመጀመሪያ ጉብኝት

ከመላው ሒደት ይህን ደረጃ የሚዘልሉ አዘጋጆች ብዙ ናቸው፤ ኋላ ላይ የሚቸገሩትም እነርሱ ናቸው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ማስታወሻ ደብተር ብቻ ይዘው ከባለሙያው ጋር ይዋሉ። የዕለቱ ዓላማ የሥራውን ቅደም ተከተል፣ የቀኑን ብርሃን፣ የአካባቢውን ድምፅና የሰውየውን ጠባይ ማወቅ ነው።

የብራናውን ቅደም ተከተል ብንወስድ፣ ቆዳው በመጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በአራት ማዕዘን እንጨት ላይ ዙሪያውን በገመድ ተስቦ ይወጠራል፤ ስቡና የቀረው ሥጋ ይፋቃል፤ በሸካራ ድንጋይ ይታሻል፤ ፀጉሩ ይነሣል፤ በፀሐይ ይደርቃል። በመጨረሻ በሚፈለገው መጠን ይቆረጥና መስመሩ በወስፌ ይሰመራል። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ቀራጭ «ነገ ጠዋት መጥቼ በአንድ ቀን ጨርሼ እሄዳለሁ» ይላል፤ ደርሶም ወይ የተዘፈዘፈ ቆዳ ብቻ፣ ወይ ያለቀ ገጽ ብቻ ያገኛል። መፍትሔው ባለሙያውን አለማጣደፍ ነው፤ በተለያየ ደረጃ ላይ ያሉ ቆዳዎች በአንድ ጊዜ የሚገኙበትን ሳምንት ጠይቆ መምረጥ ወይም ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስ ይቻላል።

የቀን መቁጠሪያውም ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። በክረምት ቆዳ በወጉ አይደርቅም። በዐቢይ ጾም በክርስቲያኑ አካባቢ እርድ ስለሚቀንስ ጥሬ ቆዳ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከፋሲካ በኋላ ግን ይበዛል። ባለሙያው እሑድ አይሠራም፤ በወሩ 12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን የሚያከብር ከሆነም በዚያ ቀን እጁን ወደ ሥራ አይሰድም። ሙስሊም ባለሙያ ዘንድ ሲሄዱም እንዲሁ የዓርብን ሰዓትና የረመዳንን ወር ያስቡ። የቀረጻ ቀን የሚወሰነው እነዚህን ሁሉ ከጠየቁ በኋላ ነው።

በዚሁ ጉብኝት ባለሙያው በምን ተብሎ እንደሚጠራ ይወቁ። «የኔታ» የሚባሉት መምህር በካሜራ ፊት በስማቸው ብቻ ቢጠሩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያዝናል። በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ራሳቸው «አንተ በለኝ» ቢሉ እንኳ አቅራቢው በ«እርስዎ» ይጽና፤ ለቅርበት ተብሎ የሚጣል አክብሮት በስክሪን ላይ ንቀት ሆኖ ይታያል።

ስለ አጠራር ካነሣን

በአገራችን «ያልተለመደ ሥራ» የምንለው ብዙው ሥራ ሲናቅ የኖረ ሥራ ነው። ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ ብረት የሚቀጠቅጠው «ቡዳ» እየተባለ ከማዕድና ከጋብቻ የተገለለበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ የሸክላ ሠሪዋም ዕጣ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ብራና መፋቅ ግን የቤተ ክርስቲያን ሥራ ስለሆነ «ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው» እየተባለ የሚመሰገን ተግባር ነው። አንድ ዓይነት ቆዳ፣ ተመሳሳይ የእጅ ድካም ሆኖ ሳለ አንዱ ሲከበር ሌላው ተዋርዷል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ጸሐፊ በትረካው «ፋቂ» የምትለዋን ቃል ብቻዋን ጥሎ ያልፍና አንድ ቤተሰብን በአገር ፊት ይሰድባል።

ስለዚህ የሥራውን መጠሪያ ከባለሙያው አፍ ይውሰዱ። «ሥራዎትን ምን ብለው ይጠሩታል? ሰው ምን ብሎ ሲጠራው ያዝናሉ?» ብለው ይጠይቁ። ባለሙያዋ ያለፈችበትን መገለል ራሷ ልትናገር ከፈለገች ሙሉ ጊዜ ይስጧት፤ ካልፈለገች ግን ለታሪኩ ማጣፈጫ ብለው አያስገድዷት። «አስገራሚ»፣ «ለማመን የሚከብድ»፣ «ጉድ» የሚሉትን ቃላት ከጽሑፍዎ ሁሉ ያስወጡ። ሥራው የሚያስገርም ከሆነ ተመልካቹ ሳይነገረው ይገረማል።

ፈቃድና ስምምነት

ወደ ክልል ሲሄዱ ከጣቢያዎ የትብብር ደብዳቤ ይዘው በወረዳው በኩል ወደ ቀበሌው መድረስ ሥራውን ያቀላል። በገዳም ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ለመቅረጽ የሀገረ ስብከቱንና የአጥቢያውን አስተዳደር ፈቃድ ይጠይቁ፤ ለታሪካዊ ቅርስ የቅርስ ባለሥልጣንን፣ ለዱር እንስሳ ደግሞ የሚመለከተውን የዱር እንስሳት ጥበቃ አካል ያነጋግሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣም።

ከባለሙያው ጋር የሚደረገው ስምምነት ግን ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል። ምን እንደሚቀረጽ፣ የት እንደሚተላለፍ፣ በኢንተርኔት ላይ ተጭኖ ለዓመታት ሊቆይ እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ ስምምነቱ ምስክር ባለበት ተነቦለት በድምፅ ይቀረጽ። ልጆች በምስሉ የሚገቡ ከሆነ የወላጅ ፈቃድ የግድ ነው። አንዳንድ ባለሙያ ደግሞ የሙያ ምሥጢር አለው፤ የጥቁር ቀለሙ መሠረት ጥላሸት መሆኑን በደስታ ይነግርዎታል፣ ምን ቅጠል እንደሚቀላቅልበት ግን ላይነግርዎ ይችላል። ያን ጊዜ ካሜራውን ያጥፉ። ለሚስተጓጎልበት የሥራ ቀን ካሣ መክፈል ተገቢ ነው፤ መጠኑ ከቀረጻው በፊት ይነገር፣ ከሚናገረው ነገር ጋርም በምንም መንገድ አይያያዝ።

መሣሪያ

ለዚህ ዓይነት ሥራ ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ አግድም የተያዘ ጥሩ ስልክም ይበቃል። የእኛ አገር የኤሌክትሪክ መሥመር 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ የመዝጊያውን ፍጥነት ደግሞ በ1/50 ሰከንድ ቢያደርጉት የቤት ውስጥ መብራት በምስሉ ላይ አይርገበገብም። በሰከንድ 50 ሜጋቢት ጥራት የሚቀረጽ አንድ ሰዓት 22.5 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ስድስት ሰዓት ብትቀርጹ 135 ጊጋባይት ነው ማለት ነው፣ በሁለት ቦታ ሲቀመጥም እጥፍ ይሆናል። ይህን አስልተው ሃርድ ዲስክ ይያዙ። መብራት ስለሚጠፋ ሁሉም ባትሪ ከዋዜማው ይሞላ። እንደ ዳሎል ባለ ሙቀት ካሜራው ራሱ ግሎ ሊቆም ስለሚችል በነጭ ጨርቅ ጥላ ይደረግለት፤ ሥራም በማለዳ ይጀመር። ሐረር ላይ ጅብ ሲቀርጹ ደግሞ ችግሩ ጨለማ ነው፤ እንስሳቱን በድንገተኛ ኃይለኛ መብራት ከማስደንገጥ ይልቅ ባለሙያው ከለመደው የብርሃን መጠን ሳይርቁ፣ ብርሃን በደንብ የሚቀበል ሌንስ መጠቀም ይሻላል።

የድምፅ መሣሪያ ላይ ግን አይቆጥቡ። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ሲገጥመው ግን ጣቢያ ይቀይራል። የኮሌታ ማይክ ለንግግሩ፣ ሌላ ማይክ ደግሞ ለሥራው ድምፅ ያስፈልጋል።

ቀረጻ፦ በመጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ፊት

ለእያንዳንዱ የሥራ ደረጃ ቢያንስ አምስት ምስል ይውሰዱ፦ እጁን በቅርብ፣ ፊቱን በቅርብ፣ እጅና ፊትን አንድ ላይ፣ ከትከሻው በኋላ ሆነው እሱ የሚያየውን፣ በመጨረሻም ቦታውን በሙሉ ከሩቅ። እያንዳንዱን ምስል ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ ቢያንስ ለአሥር ሰከንድ ይያዙ። ጀማሪ ቀራጭ ሁልጊዜ ካሜራውን ያዟዙራል፤ ቅንብር ላይ ሲደርስ የሚቆርጥበት ቦታ ያጣል። መሣሪያውንም አይርሱ፤ ለዓመታት በእጅ ተይዞ የተበላ የቢላዋ እጀታ ስለ ባለቤቱ ብዙ ይናገራል።

አሁን የምነግራችሁ ጥፋት የራሴ ነው። በመጀመሪያው የብራና ቀረጻዬ ባለሙያው ቆዳውን ፍቀው ጨርሰው ሳለ፣ የቢላዋው ምስል ስላልጠራልኝ «እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አልኳቸው። እንግዳ ማስቀየም ስላልፈለጉ ደገሙት። ቆዳው የሚፈለገውን ያህል ሳስቶ ስለነበር ከመሐሉ ተቀደደ። ሰውየው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ገመዱን ዝም ብለው መፍታት ጀመሩ። የቆዳውን ዋጋ ከፈልኩ፤ የድካማቸውን ግን መክፈል አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ የማይመለስ ደረጃ ላይ ምንም ነገር አላስደግምም። ያመለጠ ምስል ካለ ሌላ ቆዳ እስኪደርስ እጠብቃለሁ፤ ካልሆነም ያለዚያ ምስል አቀናብራለሁ። አስቀድመው ከባለሙያው ጋር ተቀምጠው የትኛው ደረጃ ሊደገም እንደሚችል፣ የትኛው እንደማይችል ይለዩ፤ በማይደገመው ላይ ሁለት ካሜራ ያቁሙ።

የሥራውን ድምፅ ለብቻው ይቅረጹ፤ ብረት ቆዳ ላይ ሲሄድ፣ ገመድ ሲጠብቅ፣ ብርዕ ብራና ላይ ሲጭር። ከመሄድዎ በፊትም ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የቦታው ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ይቀረጽ፤ በቅንብር ጊዜ ክፍተት የሚሞላው እሱ ነው። ምናለሽ ተራን በመሰለ፣ መዶሻ ቀኑን ሙሉ በማያርፍበት ቦታ ቃለ መጠይቁን በምሳ ሰዓት ወይም ከሥራ በኋላ ያድርጉ።

ቃለ መጠይቅ

ሥራው ከተቀረጸ በኋላ ይጠይቁ። ያን ጊዜ ሰውየው ካሜራውን ለምዶታል፤ እርስዎም ስላዩት ነገር እንጂ ስለሰሙት ነገር አይጠይቁም። «ይህን ሥራ ለምን ጀመሩ?» የሚለው ጥያቄ አጭርና የተለመደ መልስ ያመጣል። «ለመጀመሪያ ጊዜ ያበላሹት ቆዳ ምን ሆነ?»፣ «ቆዳው መድረሱን እጅዎ በምን ያውቃል?»፣ «ከሌላ ባለሙያ ሥራ የእርስዎን እንዴት ይለያሉ?» የሚሉት ግን ታሪክ ያመጣሉ። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ከመቶ በላይ ቆዳ ሊፈጅ እንደሚችል፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ፣ መጽሐፉ ተጽፎ ሲያልቅ በእንጨት ገበታ ተደጉሶ ማኅደር እንደሚሰፋለት የሚነገረው በእንዲህ ያለ ጨዋታ መካከል ነው። መልሱ ሲያበቃ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይበሉ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ከዝምታው በኋላ ይመጣል።

ገቢውንም ይጠይቁ፣ በአክብሮት። ሥራው ያኖራል ወይ? ተማሪ አለ ወይ? የሥራን ድካም አሳይቶ የሚከፈለውን መደበቅ ታሪኩን ግማሽ ያደርገዋል። መጠኑን መናገር ካልፈለገ አያስጨንቁት።

ቅንብርና ትረካ

ስድስት ሰዓቱን ምስል ሁሉ ሳይመለከቱ ትረካ አይጻፉ። በመጀመሪያ ንግግሩን በጽሑፍ ይገልብጡ፤ ቀጥሎ ያለ ትረካ፣ በምስልና በባለሙያው ድምፅ ብቻ የሚቆመውን አጽም ይሥሩ። ትረካ የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ ምስሉ መናገር ባልቻለበት ቦታ ብቻ ነው። ሰው ሲፍቅ እያሳዩ «አሁን እየፋቁ ነው» ማለት የተመልካቹን ጊዜ መስረቅ ነው። ለምን በዚህ አቅጣጫ እንደሚፋቅ መናገር ግን ይጠቅመዋል።

ክፍሉን ከሥራው መካከል፣ ውጤቱ ከማይታወቅበት ደረጃ ላይ ይጀምሩት፤ የተወጠረ ቆዳ፣ የሚሄድ ቢላዋ፣ ገና ያልታየ ፊት። ሙዚቃ ይቀንስ። በተለይ በቀልድ ሙዚቃ የሰውን ሥራ ማጀብ በቃላት ሳይሆን በድምፅ መሳለቅ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግ። ጽሑፉን ጮክ ብለው እያነበቡ በሰዓት ይለኩት፤ ለዓይን አጭር የሚመስል ዓረፍተ ነገር ለአፍ ረጅም ነው።

ቅንብሩ ሲያልቅ ባለሙያው፣ ካልተቻለም ሙያውን የሚያውቅ ሌላ ሰው፣ ይመልከተው። ዓላማው አስተያየትዎን እንዲለውጥ አይደለም፤ የመሣሪያና የደረጃ ስም እንዲያርም ነው። የአካባቢው አጠራር ከሌላው ቦታ የተለየ ከሆነ የባለሙያውን አጠራር ይጠብቁ።

ከስርጭት በፊትና በኋላ

የሚተላለፍበትን ቀንና ሰዓት ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩት፤ ቤቱ ቴሌቪዥን ከሌለ የት ሊያይ እንደሚችል ያመቻቹለት። ዝግጅቱ ከተላለፈ በኋላ ተመልካቾች ስልኩንና አድራሻውን ይጠይቃሉ። ገዢ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሌላም ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ያለ ፈቃዱ አይስጡ፤ የጠያቂዎቹን ስልክ መዝግበው ለእሱ ይላኩለት፣ መደወል ከፈለገ ራሱ ይደውል። የዝግጅቱን ቅጂ በፍላሽ ጭነው በእጁ ያድርሱለት። ሲሄዱም በቀረጻው ቀን ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የነበረው ቆዳ ምን እንደደረሰ ይጠይቁት፤ ምናልባት ያን ጊዜ ተጽፎበት ያገኙታል።